የቅዳሜ ቃል

አንዲት ፀጉር የለኝም፣ ይሄን ደሴ ያውቃል፤
ከጦሳ ጫፍ ሲያዩኝ ራሴ ያብረቀርቃል።
ታዲያ ምን ይሠራል ቅዳሜ በጧቱ
ካሊጋዝ ፀጉር ቤት ከደጅ መጎለቱ?
ብላችሁ ጠይቁኝ፣ አላፍርም ስመልስ፤
የምሮጠው ለቃል ነው፣ ሳይጠፋ ለመድረስ።

ሰኞ ገበያ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ
ጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣ በቀኙ መንገድ፣
አሊጋዝ አንዲት ቃል በሳሙና ጽፎ
መስታወቱ ጥግ ላይ፣
ይቆማል ከጎኗ እንደ ዳኛ አኩርፎ።

ሕጉ አምስት መስመር ነው፤ ሁለቱ ከፊት
ከመጨረሻው ጋር ይመታሉ ቤት፤
መሃል ሁለት አጫጭር
ልክ እንደ ፌንጣ እግር፤
ያላሳቀ ይክፈል የተላጨበት።

እኔ ቆጣሪ አንባቢ፣ የውሃ ቤት ሠራተኛ፣
ከሆጤ ሸዋ በር የእግር መንገደኛ፣
ሳምንቱን በር ስመታ፣ ቅዳሜን ቤት ስመታ
ዕድሜዬ አለቀ፣ ለከንፈሬ ሳልሰጥ ፋታ።
ውሻ እያባረረኝ ቆጣሪ ሳነብ
ምላሴ አያርፍም ስንኝ ሲሰበስብ።

አንድ ቅዳሜ ለታ «ጃንጥላ» ነው ቃሉ፤
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ዝም አሉ ሁሉ፤

ጃንጥላ ገዛ አሉ ይማም የገራዶ፣
እንዳይበሰብስ ሲል ጠቅልሎ ባቡጄዶ፤
ደመና ሲያይ ሮጦ
ከብብቱ ሸጉጦ
ጃንጥላውን አተረፈ፤ አናቱን ፈጀው በረዶ።

«ጆሮዬን! ጆሮዬን!» ጮኸ የሚላጨው፤
አሊጋዝ ከሳቀ ምላጭ የለው ማገጃው።
እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ደብተሩ ይመስክር፣
ዐሥራ አንድ ነፃ ቁርጥ በስሜ ሲቆጠር
ማበጠሪያ የሌለኝ ባለጠጋ ሆንኩ በፀጉር።

ያለፈው ቅዳሜ ግን
ገና ከበሩ ላይ ዓይኔ ወደ ጥግ በሮ
ምን አየ? «ቆጣሪ»!
የኔ ቃል! የእንጀራዬ! ዐሥራ ስድስት ዓመት
ክረምት ከበጋ ጎንበስ ያልኩበት።
ደረቴን ነፋሁት፣ አፌን ከፈትኩት፤
አንዲት ጠብታ የለም።
ደግሜ ከፈትኩት።
የማላውቀው ቢሆን ባወቅሁበት ነበር፤
የለመዱት ቃል ግን ቁልፉ የጠፋ በር።

ከወንበሩ ኋላ፣ ቦርሳዋን አንግታ
ታናሽ ወንድሟን ልታስቆርጥ መጥታ
ተራ የምትጠብቅ ዘምዘም የምትባል
የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ «እኔ ልሞክር?» ትላል፤

ቆጣሪ አንባቢው ቆመ በኛ በር፣
ውሃ ከጠፋብን ሲሆነን አንድ ወር፤
ቧንቧው «ፊሽ» ሲል ሰምቶ
ደብተሩን አውጥቶ
ጻፈብን ሠላሳ ኩብ፣ ሙሉውን አየር!

ቤቱ ተናወጠ። አረፋ የተቀባው
ሲስቅ መስታወቱን በነጭ ለወሰው።
አሊጋዝ ምላጩን አስቀመጠና
መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጠራረገ።
እኔ ወለሉን አየሁ፣
የተቆረጠ ፀጉር፣ የሰው ሁሉ ፀጉር።
ሰፈሯን ጠየቅኋት። «ቧንቧ ውሃ» አለችኝ።
አስታወስኩት በሩን፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ።
ጽፌያለሁ፤ እውነት ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣
ቸኩዬም ነበረ።
መሳቅ ስጀምር ግን ማንም አልቀደመኝ።

«አሊጋዝ» አልኩትና፣ «ደብተሩን አምጣው፣
ዐሥራ አንዱንም ቁርጥ ለኑረዲን አዙረው።»
ልጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።
ዘምዘም ግን ፈገግታ እንኳ ሳታሳየኝ፣
«ቢሉስ?» አለችኝ።
«እሱ ሰኞ» አልኳት።

የሚመጣው ቃል «ጭጋግ» ነው፤ ቀድሞ ሾልኮ ወጥቷል፤
የጎማ ጠጋኙ ልጅ ለሁሉም አውርቷል።
እኔም ጀምሬዋለሁ፤

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ዋጠው ፒያሳን፣
እጄንም ሰድጄ ዳሰስኩት ራሴን፤
ፀጉር ያለኝ መስሎኝ
ደስታ አንቀጥቅጦኝ

ዛሬ ሐሙስ ሆነ። አምስተኛው መስመር
ጭጋጉ ውስጥ ቀርቷል።
ሳሉ ይሰማኛል፤
መልኩን አላየሁም።